ይቅርታ ከፍርድ ሲቀድም



በዚህ አገር ሬዲዮና ጋዜጣ ላይ «ሐኒና» የሚባለው ቃል ደጋግሞ ሲነሳ ትሰማላችሁ። ሐኒና ማለት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለአጥፊ የሚሰጠው ይቅርታ ነው። በኖቬምበር 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ቢንያሚን ኔታንያሁ በጉቦ፣ በማጭበርበርና በእምነት ማጉደል የተከሰሱበት ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ ለፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ሄርጾግ የይቅርታ ማመልከቻ አስገቡ። ያን ጊዜ ነገሩ ከክኔሴት አልፎ በየቡናው ላይ መነጋገሪያ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወገኖቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይሰማል። አንደኛው «ፕሬዚዳንቱ የተቀመጠው ለክብር ነው፣ አገር የሚያስተዳድረው ሌላ ነው እየተባለ፣ እንዴት የዳኛን ፍርድ የሚሽር ብዕር ተሰጠው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ልጃችን በወጣትነቱ ከፖሊስ ጋር ተጋጭቶ ስሙ በወንጀል መዝገብ ሰፍሯል፤ ይህ በር ለእርሱም ይከፈታል ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ማየት ይገባል እንላለን። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሆኑ የድሃው ልጅ የሚያንኳኩት ያንኑ አንድ በር ነውና። በሩ ለማን፣ መቼና በምን ሥርዓት መከፈት እንዳለበት ለመረዳት ደግሞ በ1986 ባጋጽ የሰጠውን አንድ ፍርድ መመርመር ያስፈልጋል። ዛሬ ስለ ሐኒና የሚከራከር ሁሉ የሚጠቅሰው ያንኑ ፍርድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ስለ አገሪቱ ፕሬዚዳንት የሚደነግገው መሠረታዊ ሕግ የወጣው በ1964 ነው። በአንቀጽ 11 ላይ ፕሬዚዳንቱ ለአጥፊዎች ይቅርታ የማድረግ፣ ቅጣትንም በመቀነስ ወይም በሌላ ቅጣት በመለወጥ የማቅለል ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። በዕብራይስጥ ሕጉ የተጠቀመበት ቃል «አቫርያኒም» የሚል ነው፤ አጥፊዎች ወይም ወንጀለኞች ማለት ነው። በምን ምክንያት፣ በስንት ጊዜ፣ ከፍርድ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚል ዝርዝር የለውም። አንቀጽ 12 ግን አንድ ገደብ ያስቀምጣል፤ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ሌላ ሚኒስትር አብሮ መፈረም አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማመልከቻው ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ ይቀርባል። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ያለው የይቅርታ ክፍል ጉዳዩን አጥንቶ አስተያየት ያዘጋጃል፤ ሚኒስትሩም የራሱን አስተያየት ይሰጣል፤ በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ይወስናል። በወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ጉዳይ ደግሞ በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል ያልፋል። እንግዲህ ለብዙ ሰው ሥርዓቱ ይህን ያህል ቀላልና የታወቀ ነው። ክርክር የተነሳው አንድ ጊዜ ይህ ሥርዓት ወደ ኋላ ዞሮ ይቅርታው ከክሱም ከፍርዱም የቀደመ ጊዜ ነው።

የ300 ቁጥር አውቶቡስ ጉዳይ

በአፕሪል 12 ቀን 1984 ከቴል አቪቭ ወደ አሽቀሎን ይጓዝ የነበረ የ300 ቁጥር አውቶቡስ በአራት የጋዛ ሰዎች ተጠለፈ። በማግስቱ ወታደሮች አውቶቡሱን ሰብረው ገብተው ተሳፋሪዎቹን አስለቀቁ፤ አንዲት ተሳፋሪ ሕይወቷ አለፈ። አራቱም ጠላፊዎች በውጊያው ሞቱ ተብሎ ተነገረ። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ አንሺው አሌክስ ሌቫክ ከጠላፊዎቹ አንዱ በሕይወት እያለ ተይዞ ሲወሰድ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አንስቶ ነበር፤ «ሐዳሾት» የተባለው ጋዜጣም አወጣው። ኋላ እንደተረጋገጠው ሁለቱ ጠላፊዎች እጃቸው ከተያዘ በኋላ በሻባክ፣ ማለትም በአገር ውስጥ ጸጥታ ድርጅት፣ ሰዎች ተገደሉ።

ጠላፊዎቹ ያደረሱት በደል ቀላል ነው አንልም። ነገር ግን እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት የሚቆም ሕዝብ ነን፤ የተያዘ ሰው ለዳኛ ይቀርባል እንጂ እንዲሁ አይገደልም። ከግድያው ይልቅ የባሰው ደግሞ ከእርሱ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። ነገሩን ለማጣራት የተቋቋሙት ኮሚቴዎች በሻባክ ሰዎች ሐሰተኛ ቃል ተሳሳቱ፤ ጥርጣሬውም በጄኔራል ይጽሐቅ ሞርዴካይ ላይ እንዲወድቅ ተደረገ። ይህ ሰው በልጅነቱ ከኢራቅ ኩርዲስታን የመጣ ዖሌ ሲሆን በዲሲፕሊን ችሎት ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ።

ከሻባክ ከፍተኛ ሹማምንት ሦስቱ ግን ሕሊናቸው አላስችል ስላላቸው እውነቱን ይዘው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ፣ ከዚያም ወደ መንግሥቱ የሕግ አማካሪ ይጽሐቅ ዛሚር ሄዱ። ዛሚር ፖሊስ እንዲመረምር ጠየቁ፤ ብዙም ሳይቆይ በጁን 1986 በቦታቸው ሌላ ሰው ተተካ። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ሐይም ሄርጾግ ለሻባክ ኃላፊ ለአብራሃም ሻሎምና ለሌሎች ሦስት ሰዎች ይቅርታ ሰጡ። ሻሎም ድርጊቱን ሳይክድ በበላይ ፈቃድ ነው የሠራሁት ይል ነበር። ክስ አልተመሠረተም፣ ምስክር አልተሰማም፣ ፍርድም አልተሰጠም። ጥቂት ቆይቶ ለሌሎች ሰባት የሻባክ ሰዎች ይቅርታ ተጨመረና ቁጥራቸው 11 ደረሰ።

የባጋጽ ፍርድና የእኛ ትችት

ይህን በመቃወም አቤቱታ ቀረበ። ባጋጽ በኦገስት 6 ቀን 1986 በሁለት ለአንድ ድምፅ ይቅርታውን አጸና። ይቅርታው ሕጋዊ ነው ያሉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሜኢር ሻምጋርና ምክትላቸው ሚርያም ቤን ፖራት ሲሆኑ፣ የልዩነት ሐሳብ የጻፉት አሐሮን ባራክ ናቸው።

የሻምጋር ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የይቅርታ ሥልጣን ከእንግሊዝ ሕግ የተወረሰ ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥም ሆነ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከፍርድ በፊት ይቅር ማለት ይችላሉ፤ ክኔሴትም ይህን ሥልጣን ሲያወርስ አላጠበበውም። ስለዚህ «አጥፊ» የሚለው ቃል ጥፋት የሠራውን ሁሉ ይጨምራል፤ የግድ የተፈረደበት መሆን የለበትም። ሆኖም ከፍርድ በፊት ይቅርታ ሊሰጥ የሚገባው እጅግ ልዩ በሆነ ሁኔታ ብቻ ነው ሲሉ አስጠንቅቀዋል።

የዚህን ሐሳብ ክብደት አንክድም። ያን ጊዜ አገሪቱ በጠላት ተከባ ነበር፤ የሻባክ ሰዎች ስምና አሠራር አደባባይ ቢወጣ ጉዳት ሊደርስ ይችል ነበር። ፕሬዚዳንቱም ድርጅቱን ከመፍረስ ለማዳን እንደሠሩ አስረድተዋል። ነገር ግን ምስጢር መጠበቅ ከተፈለገ ሕጉ በዝግ ችሎት መዳኘትን ይፈቅዳል። በርን ዘግቶ መዳኘትና ጨርሶ አለመዳኘት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ትችታችን ሥልጣኑን ከንጉሥ ዙፋን ስለ መሳባቸው ነው። እኛ የንጉሥ ይቅርታ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አባቶቻችን በዙፋን ችሎት ፊት ቆመው «አቤት!» ሲሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የፍርድ ምንጭ ነኝ ስለሚል ለምን ማረ፣ ለምን ቀጣ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። ምሕረቱ መልካም በሆነ ጊዜ እንኳ ጸጋ እንጂ መብት አልነበረም። ባራክ የጻፉትም ወደዚህ የሚጠጋ ነው፤ የዚህ አገር ፕሬዚዳንት የእንግሊዝ ንጉሥም የአሜሪካ ፕሬዚዳንትም አይደለም፤ ከፍርድ በፊት ይቅር ካለ የመርማሪውን፣ የዐቃቤ ሕጉንና የዳኛውን ሥራ ለብቻው ጠቅልሎ ወሰደ ማለት ነው፤ በሕግ ፊት ሁሉም እኩል ነው የሚለውም ይናጋል አሉ። እኛም ትክክለኛው ንባብ የባራክ ነው እንላለን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ያልተፈረደበት ሰው በሕግ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ከሆነ ይቅር የሚባልለት ነገር የለም፤ ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን ማን መረመረ? በሽምግልናችን ሥርዓት እንኳ አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቆማል፣ ጥፋቱ ይነገራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌ «የሆነውን አትንገሩኝ፣ ብቻ ታረቁ» ቢል ማንም አይሰማውም። ይቅርታ ቅጣትን ሊያስቀር ይችላል፤ እውነትን ግን ማስቀረት የለበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የተሸፈነው ነገር በሌላ በር ወጣ። ኢዛት ናፍሱ የሚባል የቼርኬስ ተወላጅ የጦር መኮንን በአገር ክህደት ተከሶ 18 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። በ1987 ሻባክ በምርመራውና በችሎት ውሸት መጠቀሙ ስለ ታወቀ የበላይ ፍርድ ቤት ዋና ዋናዎቹን ክሶች ሰረዘለት፤ ከሰባት ዓመት በላይ ታስሮ ወጣ። በዚያው ዓመት በዳኛ ሞሼ ላንዳው የተመራ ኮሚሽን፣ የሻባክ መርማሪዎች ከ1971 ጀምሮ በፍርድ ቤት ሐሰተኛ ቃል ሲሰጡ እንደኖሩ ገለጸ። እንግዲህ በ1986 «ለአንድ ጊዜ የደረሰ ልዩ ጉዳይ» ተብሎ የታለፈው ነገር የብዙ ዓመት ልማድ አንዱ ቅርንጫፍ ነበር ማለት ነው። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ከአናሳ ሕዝብ የተወለደ መኮንን ነው። ይህን እኛ ልንረሳው አይገባም። የሹማምንት ውሸት ሳይመረመር ሲቀር መጀመሪያ የሚመታው ቃሉ የማይታመንለትን ሰው ነውና።

በ1993 ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። በሁለቱም ጉዳዮች ስሙ የተነሳውና ይቅርታ ያገኘው ዮሲ ጊኖሳር የቤቶች ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ እንዲሆን መንግሥት ፈልጎ ነበር። ባጋጽ ሹመቱን ከለከለ። ይቅርታው ከቅጣት አዳነው እንጂ ለሕዝብ አደራ የሚበቃ አላደረገውም አለ። ፍርዱን የጻፉት እኚያው ባራክ ነበሩ።

ይቅርታ መከልከልም ቢሆን የፖለቲካ ዋጋ አለው። በ2017 ፕሬዚዳንት ሬውቬን ሪቭሊን በኬብሮን የቆሰለ ጥቃት አድራሽ በመግደሉ ለተፈረደበት ወታደር ይቅርታ አልሰጥም ባሉ ጊዜ ብዙ ስድብና ዛቻ ደረሰባቸው። በ2016 ደግሞ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሞሼ ካጻቭ በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶባቸው ታስረው ሳለ ያቀረቡትን የይቅርታ ጥያቄ ሪቭሊን አልተቀበሉም። በዚያች ብዕር ስንቱን ይቅር ያሉት ሰው ራሳቸው ከደጇ ተመለሱ። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ፣ እውነቱ ታውቆ ስለነበር፣ ፕሬዚዳንቱ የሚመዝኑት ምሕረትን ብቻ ነበር። ሥራቸው ከባድ ቢሆንም ግልጽ ነበር።

ወደ 2025 ጥያቄ ስንመለስ ልዩነቱ ይታያል። ማመልከቻው የቀረበው በ1986ቱ ይቅርታ ለሰጡት ለሐይም ሄርጾግ ልጅ ነው። ኔታንያሁ ክሶቹን ይክዳሉ፤ እስኪፈረድባቸውም በሕግ ንጹሕ ናቸው። የጠየቁትም ጥፋት አምነው ሳይሆን ችሎቱ አገሪቱን ይከፋፍላልና ለአንድነት ይበጃል በማለት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕም በዚያው ወር ደብዳቤ ጽፈው ይቅርታ እንዲሰጥ ጠየቁ። የአንድነት ምኞት የሁላችንም ነው። ነገር ግን አብሮ እንዲፈርም ሕጉ ያዘዘው ሚኒስትር ጠያቂው ራሳቸው በሚመሩት መንግሥት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነበር። ሕጉ ያበጀው አጥር በዚህ ጊዜ ምኑን ይከላከላል? መልሱ ምንም ቢሆን፣ በ1986 «እጅግ ልዩ ለሆነ ሁኔታ» ተብላ የተተወች ቀዳዳ ከ39 ዓመት በኋላ የአገሪቱ ዋና ባለ ሥልጣን የሚጠይቅባት በር መሆኗን አሳይቷል። ትችታችን በአንድ ሰው ወይም በአንድ ፓርቲ ላይ ሳይሆን በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው።

ከኢትዮጵያ የምናውቀው

ይቅርታ በተቃራኒው መንገድም ሊበላሽ እንደሚችል ከትውልድ አገራችን አይተናል። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች በጁላይ 2007 ከፍርድ በኋላ በይቅርታ ተፈቱ፤ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ነበር። ታሳሪዎቹ የይቅርታ ጥያቄ ሰነድ ላይ እንዲፈርሙ ተደረገ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስለዚያ ይቅርታ አወጣጥ በውጭ አገር በተናገሩት ንግግር ምክንያት በዲሴምበር 2008 እንደገና ታሰሩ፤ ይቅርታው ተነሥቶ የዕድሜ ልክ እስራቱ ተመለሰባቸው፤ በኦክቶበር 2010 ዳግመኛ ይቅርታ ጠይቀው ተፈቱ።

በዚያ ጉዳይ ይቅርታው በሰው አንገት ላይ የቀረ ገመድ ሆነ፤ መንግሥት በፈለገ ጊዜ የሚስበው። በ1986ቱ ጉዳይ ደግሞ መጋረጃ ሆነ። አንዱ ደካማውን ዝም ያሰኛል፣ ሌላው ብርቱውን ይሰውራል። በሁለቱም የጠፋው ነፃ ሆኖ የሚመረምር ዳኛ ነው።

ስለ ልጆቻችን

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በ2015 አንድ ወታደር ወንድማችን በሖሎን በፖሊሶች ሲደበደብ በቪዲዮ ከታየ በኋላ ወጣቶቻችን አደባባይ ወጡ። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ 53 የውሳኔ ሐሳቦችን ይዞ ባወጣው ሪፖርት፣ በእኛ ላይ ዘረኝነት መኖሩን፣ የፖሊስም አያያዝ መታረም እንዳለበት መንግሥት በራሱ አፍ ተናገረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፕሬዚዳንት ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትር አየለት ሻኬድ፣ በቀላል ጥፋት የተፈረደባቸውና እስራት ያልተወሰነባቸው የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶች መዝገባቸው እንዲሰረዝ እንዲያመለክቱ ጥሪ አደረጉ።

ይህ ይቅርታ በትክክለኛው ቦታ የዋለ ነው እንላለን። ጥፋቱ ታውቋል፣ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ የቀረው መዝገቡ በሥራና በሠራዊት ምደባ ላይ የሚያደርሰው ሁለተኛ ቅጣት ብቻ ነው። በዚያ ላይ መንግሥት ራሱ ሚዛኑ የተዛባ እንደነበረ አምኗል። ከዚህ የበለጠ ለይቅርታ የሚገባ ጉዳይ ከየት ይመጣል? ነገር ግን በ2010 ክኔሴት በ2005 ከጋዛ መውጣትን ተቃውመው በተከሰሱት ላይ ያወጣውን ሕግ እናስታውስ። ለእነርሱ የብዙዎች ክስ በአንድ ሕግ ተዘጋ፣ መዝገባቸውም ተሰረዘ። የእኛ ልጅ ግን ለየብቻው ወረቀት ሞልቶ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ጽፎ፣ መልስ መጠበቅ አለበት። ኃይል ያለው ወገን በሕግ ይማራል፤ የሌለው በልመና።

እንግዲህ ወላጆች ይህን እወቁ። ሐኒና የሚጠየቀው ፍርድ ካለቀና ይግባኝ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። መዝገብ በጊዜ ብዛት የሚሰረዝበት ሕግም አለ፤ ፕሬዚዳንቱ ያንን ጊዜ ሊያሳጥሩት ይችላሉ። ልጁ ሳይፈረድበት የተዘጋ የፖሊስ መዝገብ ካለበት ግን ይህ የፕሬዚዳንት ጉዳይ አይደለም፤ እንዲሰረዝ የሚጠየቀው ከፖሊስ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን እያደባለቀ ጊዜውን ያጠፋል። ከሠራዊት በመቅረት የተፈረደባቸው ልጆችም በወታደራዊው መንገድ መጠየቅ ይችላሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ መጠየቅ መብት ነው።

ክኔሴትም በበኩሉ ሕጉን ሁለት ነገር ቢጨምርበት መልካም ነው እንላለን። ይቅርታ ከፍርድ በኋላ ብቻ ይሁን፤ ጠያቂው የመንግሥት አባል ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚፈርመው ከመንግሥቱ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን። እስከዚያው ድረስ ግን እኛ ይህችን በር እንደ ጌቶች በር ብቻ አንያት። የተሠራችው ተዳኝቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ እንደገና ሰው ልሁን ለሚል ነው። መዝገብ ያለበት ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ኑ፤ አብረን እንሞላለን።